ስም ጠሪውን ማን ይጥራው?



ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ቦርሳውን አልጋው ላይ እየወረወረ «ፍሪ ነበርን» ብሎ የሚመልሳትን አንዲት አጭር ቃል ያልሰማ ወላጅ በዚህ አዳራሽ ያለ አይመስለኝም። ይህች ቃል ከባዕድ አገር ተነሥታ ወደ ልጆቻችን አንደበት ስትገባ ትርጓሜዋ «ነጻ» ማለት ነበር፤ እኛ ዘንድ ግን ከጊዜ ብዛት መምህር ያልገባበት ክፍል መጠሪያ ሆና ቀርታለች፤ ልጁም ሲናገራት ደስ ብሎት ነው፤ እኛም ስንሰማት «እንግዲያስ እጅህን ታጠብና ብላ» ብለን ወደየጓዳችን እንመለሳለን። ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ስለዚህች ቃል ለመናገር ነው፤ ርእሱ ለዲስኩር እጅግ አንሶ የሚታየው ሰው ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ራሴ እስካለፈው ዓመት ድረስ እንደዚያው ይታየኝ ነበርና።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከእኔ ጋር የምትኖር አንዲት የልጅ ልጅ አለችኝ፤ የአምስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለች፣ በአንድ የኅዳር ምሽት የሒሳብ ደብተሯን አንሥቼ ሳገላብጥ፣ ልጆቻችን በየገጹ ራስጌ ቀን የመጻፍ ልማድ እንዳላቸው ታውቃላችሁና፣ በአንደኛው ገጽ ጥቅምት 21 የሚል ቀን፣ ከእርሱ በታች ሦስት የክፍልፋይ ጥያቄዎች፣ ከጥያቄዎቹ በታች በማስመሪያ የተሰመረ አንድ መስመር፣ ከመስመሩ በታች ደግሞ ኅዳር 16 የሚል ቀን አየሁ። በሁለቱ ቀኖች መካከል ባዶ ገጽ እንኳ አልነበረም። ባዶ ገጽ ቢኖር ዓይኔ ይይዘው፣ ልቤም ይጠይቅ ነበር፤ ነገር ግን ሃያ አምስት ቀን ከአንዲት የእስክሪብቶ መስመር ሥር ተቀብሮ፣ ላዩ ተስተካክሎ፣ ምንም እንዳልጎደለ ሁሉ ትምህርቱ ከክፍልፋይ ወደ አስርዮሽ ተሻግሮ ነበር።

በማግሥቱ ኩታዬን ደርቤ፣ ከዘራዬን ጨብጬ፣ ለጠብ ተዘጋጅቼ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። የትምህርት ቤቱንም የመምህሩንም ስም አልጠራም፤ እንደምትሰሙት መጥራቱ ፍትሕ አይሆንምና። ለካስ መምህሩ እናቱ በጽኑ ታመውበት፣ ለሕክምና ወደ አዲስ አበባ ይዟቸው ሄዶ፣ ከብዙ እንግልት በኋላ አርፈውበት፣ ቀብሮና ሐዘን ተቀምጦ ነው የተመለሰው። ሲሄድ ዩኒት ሊደር ለሚባለው የክፍሎች ኃላፊ በቃል ነግሮ ነበር፤ ኃላፊውም ለክፍሉ አለቃ ነገረው፤ የክፍሉም አለቃ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነውና የሚቻለውን አደረገ፤ በዚያ ክፍለ ጊዜ በየዕለቱ ከጥቁር ሰሌዳው ፊት እየቆመ የሚረብሹትን ልጆች ስም ጻፈ። እንግዲህ ልብ በሉልኝ፤ በዚያ ሁሉ ቀን ከዚያ ክፍል የወጣው ብቸኛ መዝገብ የረባሾች ስም ዝርዝር ነበር።

እርግጥ ነው፣ በየርዕሰ መምህሩ ቢሮ የመምህራን የፊርማ መዝገብ አለ፤ ነገር ግን ያ መዝገብ ለደመወዝ እንጂ ለልጁ የተሠራ አይደለም፤ እገሌ ቀረ ብሎ ይመዘግብ ይሆናል እንጂ ስንት ልጅ ምን ሳይማር እንደ ዋለ አይናገርም። ልጅ ግን አንድ ቀን ቢቀር ስሙ ይጠራል፣ አለመኖሩ ይጻፋል፣ ሁለትና ሦስት ቀን ቢደግም «ወላጅ አምጣ» ይባላል። ከትምህርት ቤቱ በር ስወጣ ቁጣዬ ከመምህሩ ላይ ተነሥቶ ማረፊያ አጥቶ ሲንከራተት የተሰማኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ስም ጠሪው ራሱ በቀረ ዕለት፣ እርሱን የሚጠራው ማን ነው?

መምህራን የሚቀሩበትን ምክንያት ስንመረምር፣ አንዱ ከራሷ ከከተማችን ጠባይ የተወለደ ነው፤ አዳማ የመንገድ ልጅ ናትና። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በዚህ ባያልፍ ኖሮ ዛሬ የምናውቃት ከተማ ባልኖረች፤ በ2006 ዓ.ም. የተከፈተው፣ 85 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የፍጥነት መንገድም ዋና ከተማውን ጎረቤታችን አድርጎታል። መንገድ ግን እንደሚያመጣ ሁሉ ይወስዳል። በወለንጪቲ፣ በሞጆ፣ በአዋሽ መልካሳ፣ በመቂ የሚያስተምር ሰው፣ የኑሮ ነገር አስገድዶት ወይም ልጆቹን ከተማ ማስተማር ሽቶ፣ ቤቱን በአዳማ አድርጎ ጠዋት በሚኒባስ ሄዶ ማታ የሚመለስ ሆነ፤ ሚኒባሱ እስኪሞላ ሲጠበቅ፣ ነዳጅ ጠፍቶ ሰልፉ ሲረዝም፣ የመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ያልፋል፤ የዘገየም ሰው ደጅ ላይ ከመወቀስ ጭራሹን መቅረትን ይመርጣል። የጥንቱ የኔታ ግን ቤታቸው ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር፣ ከደቀ መዛሙርቱ ጎጆ አጠገብ ስለ ነበረ፣ ታመው እንኳ ቢተኙ ከመኝታቸው ሆነው የሚስተውን ልጅ ድምፅ ለይተው ያርሙት ነበር።

ሁለተኛው የደመወዝ ነገር ነው፤ ይህን ሁላችሁም ስለምታውቁት አላረዝመውም። በመቂና በባቱ፣ የዝዋይን ሐይቅ ውኃ በሞተር እየሳቡ ሽንኩርትና ቲማቲም በሚያለሙ ገበሬዎች መካከል፣ ከደመወዙ ላይ ቆጥቦ በእኩል የገባ መምህር ብታገኙ አትደነቁ፤ ሽንኩርቱ በሚነቀልበት ሳምንት የልቡ ሚዛን ወዴት እንደሚያዘነብል ለመገመትም ነቢይ መሆን አያሻም። ከዚህ ሌላ በሕግ የተፈቀደና ማንም ሊነቅፈው የማይገባ መቅረት አለ፤ በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064/2010 ለወላድ እናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ዕረፍት ደንግጎላት ነበር፤ ይህም ለእናቲቱና ለሕፃኑ ጽድቅ የሆነ ነገር፣ ተተኪ መምህር አስቀድሞ ካልታሰበ፣ ስድሳና ሰባ ልጅ ለተጨናነቀበት ክፍል ከትምህርት ዘመኑ አራት ወር ተቆርጦ የሚወድቅበት ዕዳ ይሆናል። ሕጉ ወልዳ የምትተኛውን ሲያስብ፣ በቦታዋ የሚቆመውን የሚያስበው ማን እንደ ሆነ ግን በየትምህርት ቤቱ ስትጠይቁ መልሱ ብዙ ጊዜ የክፍሉ አለቃ ነው። በትምህርት ሰዓት የሚጠራው ስብሰባም ሳይነሣ መታለፍ የለበትም። ደግሞም በእውነት ሰንፎ የሚቀር አለ፤ ልጆቹ «ዛሬ ቲቸር ፎረፈ» የሚሉት እርሱን ነው፤ ለመምህርነት ካለኝ አክብሮት የተነሣ ይህን አልሸፍነውም።

ይህ ኪሳራ ለምን እንደማይሰማን ሳስብ ወንጂ ትዝ ትለኛለች። የሆላንዱ ኩባንያ ኤች ቪ ኤ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማምረት ከጀመረባት ከዚያች ጎረቤታችን አያሌ ዓመት በፈረቃ የሠሩ ሰዎች በዚህ መካከል ተቀምጠዋል፤ እነርሱ ይመስክሩ። ሸንኮራ ከተቆረጠ በኋላ ሳይጨመቅ ከዘገየ ስኳሩ በየሰዓቱ እየተበላሸ ይሄዳል፤ ስለዚህ በመፍጫው ላይ የተመደበው ሠራተኛ የቀረ እንደ ሆነ «ነገ ይመጣል» ብሎ የሚቀመጥ አለቃ የለም፤ በዚያው ሰዓት ሌላ ሰው ይተካል፤ የጎደለው በኩንታል ይመዘናልና፣ በብርም ይቆጠራልና። ሰባት ዓመት የሞላው፣ ፊደል ለመለየት አእምሮው የተከፈተ ሕፃንም የተቆረጠ ሸንኮራ ነው። ነገር ግን ከእርሱ የሚተነው ነገር በሚዛን ላይ ስለማይወጣ፣ ሚዛኑ የሚመጣው ከአሥር ዓመት በኋላ ነው። የ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ከ896 ሺህ የሚበልጡ ተማሪዎች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸው በተነገረ ጊዜ አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ያን ሁሉ ውድቀት በመምህር መቅረት ላይ የምጭን አይደለሁም፤ ይህ ግፍ ይሆናል፤ ነገር ግን ከእነዚያ ልጆች ደብተር መካከል ስንቱ በአንዲት መስመር የተቀበረ ወር እንደ ያዘ ያን ጊዜ የጠየቀ ሰው አልሰማሁም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ የታወቀ ጥናት፣ መርማሪዎች በባንግላዴሽ፣ በኢኳዶር፣ በሕንድ፣ በኢንዶኔዥያ፣ በፔሩና በኡጋንዳ ሳያስታውቁ ወደ ትምህርት ቤቶች እየሄዱ በቆጠሩት ቁጥር፣ በአማካይ ከመቶ መምህራን 19ኙ በቦታቸው እንዳልተገኙ ይገልጻል፤ በፔሩ 11፣ በሕንድ 25፣ በኡጋንዳ 27 ነበሩ። ከዚሁ ከሕንድ አገር፣ ከራጃስታን፣ በኡዳይፑር ገጠር ስለ ተደረገ ሙከራ ያነበብሁት ደግሞ ሳያስቀኝም ሳያሳዝነኝም አልቀረም። አንዳንድ መምህር ብቻ ላላቸው ትንንሽ ትምህርት ቤቶች ቀኑና ሰዓቱ ሊነካ የማይችል ካሜራ ተሰጣቸው፤ መምህሩም ጠዋት ሲጀምርና ከሰዓት በኋላ ሲጨርስ፣ ከልጆቹ ጋር ቆሞ፣ አንዱ ተማሪ ፎቶግራፍ ያነሣዋል፤ ደመወዙም በተገኘበት ቀን ልክ ይታሰባል። ከመቶ 42 የነበረው መቅረት ወደ 21 ወረደ፤ የልጆቹም ውጤት ተሻሻለ። እኔ በትምህርት ቤቶቻችን ካሜራ ይሰቀል አልልም፤ መምህርን እንደ ሌባ መጠበቅ የሚያስከትለው ክፋት ይታየኛል። ነገር ግን በዚያ ነገር ውስጥ ካሜራውን የያዘው ልጁ መሆኑን ልብ አደረግሁ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ተነሥቶ «እንግዲያስ የማይቀር መምህር እናምጣ» ቢለኝ፣ አምጥተን ነበር ብዬ እመልስለታለሁ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ፕላዝማ የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። በሳተላይት የሚመጣ፣ በእንግሊዝኛ የሚያስተምር፣ በሰዓቱ ገብቶ በሰዓቱ የሚወጣ፣ የማይታመም፣ ለቅሶ የማይሄድ፣ ኑሮ ተወደደብኝ የማይል መምህር ነበር፤ መብራት ካልጠፋ በቀር ቀርቶ አያውቅም፤ መብራት ግን ይጠፋ ነበር። ሆኖም ጥያቄ አቅርቦ፣ ለመሥሪያ የሰጠው ደቂቃ ሲያልቅ፣ የሠራውንም ያልሠራውንም ከኋላው ትቶ ወደሚቀጥለው ይሻገር ነበርና፣ መምህሩ ሳይቀር ተማሪዎቹ ከተቀመጡበት ወንበር ሳይነሡ ቀሩ። እንግዲህ የምንሻው ቆሞ የሚናገር አካል ብቻ አይደለም፤ ልጁ ባልገባው ጊዜ ፊቱን አይቶ የሚመለስለት ሰው ነው። ይህንን ሰው ነው መቁጠር የሚገባን።

የአገራችን ታሪክ መምህር ሲቀር ምን ሊሆን እንደሚችል በሌላ መንገድ ያውቃል። በየካቲት 1966 ዓ.ም. መምህራን የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለውን ዕቅድ ተቃውመው ክፍሎቻቸውን ትተው በወጡ ጊዜ፣ በነዳጅ ዋጋ የተቆጡት የታክሲ ነጂዎች አብረዋቸው ቆሙ፤ ወታደሩም ሠራተኛውም ተነሣ፤ ዓመቱም ሳይደገም ዘውዱ ከቦታው ታጣ። ኮሮና በገባ ጊዜም መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ በተነገረበት ሰዓት 26 ሚሊዮን ያህል ተማሪ ቤቱ ሲውል፣ ሬዲዮው ማስተማር ጀመረ፣ ጎረቤት ስለ ልጁ ተጨነቀ፣ አገሩ ሁሉ ተነጋገረበት። እነዚህ በአዋጅና በሰልፍ የመጡ መቅረቶች ስለ ነበሩ ተሰሙ። አሁን የምነግራችሁ መቅረት ግን አንድ በአንድ፣ ክፍል በክፍል፣ ማንም ሳያውጅ የሚመጣ ነው። አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ በብዙ ነገር እውነት ነው፤ በዚህ ነገር ግን ዝምታው ራሱ ነቀዙ ሆኖ ከጎተራው ውስጥ ተቀምጧል።

ታዲያ ምን እናድርግ? አስቀድሜ ከልጁ ጋር ልጀምር። መምህሩ በቀረ ዕለት በልጁ ፊት «ድሮስ እርሱ ሰነፍ» ማለት እጅግ ያጓጓል፤ እኔም ብዬዋለሁ። ነገር ግን በቤቱ መምህሩን መናቅ የተማረ ልጅ፣ መምህሩ በመጣ ዕለትም አይማርም፤ ስለዚህ ከቀረበት ቀን ሌላ የተገኘበትንም ቀን እንነጥቀዋለን። ትንሹ ልጅ ደግሞ ሌላ ሐሳብ አለው፤ «እኛ ስለ ረበሽን ተቆጥቶ ነው የቀረው» ብሎ በልቡ ይይዛል፤ ይህን ከልጅ ልጄ አፍ ስሰማ ደነገጥሁ። ምክንያቱን ማወቅና በልኩ መንገር፣ «እናቱ ታመውበት ነው፣ ይመለሳል» ማለት፣ አንዲት ዐረፍተ ነገር ናት፤ ነገር ግን የሚነግራት ሰው መኖር አለበት።

ቀጥሎ የጠፋው ትምህርት ነው። ገንዘብ ያለው አስጠኚ ይቀጥራል፤ የሌለው ግን ምንም የለውም ማለት አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ትምህርት ቤት ያለ ደመወዝ፣ ያለ ተተኪ መምህር፣ ለብዙ መቶ ዓመት የቆመበት ምሥጢር ቅጸላ ነው፤ ቀደም ብሎ የገባው ተማሪ አዲሱን ያስቀጽላል፤ የኔታ አንዱን ያቀናሉ፣ እርሱም ሌላውን ያቀናል፤ ስለዚህ የኔታ ለንግሥ ወይም ለለቅሶ ቢሄዱ ጉባኤው አይታጠፍም ነበር። በቁርአን ቤትም ሉሑን ያደረሰ ልጅ ከእርሱ የሚያንሰውን ያስቀራዋል። እኛ ይህን ንቀን ትተን፣ መምህሩ ሲቀር የክፍሉን አለቃ ስም ጸሐፊ አደረግነው። በአንድ ሰፈር የሚኖሩ፣ በአንድ ክፍል ያሉ ሦስት አራት ልጆች ከአንድ ከፍ ካለ ክፍል ተማሪ ጋር በአንድ በረንዳ ላይ በሳምንት ሁለት ማታ ቢሰባሰቡ፣ ወጪው አንድ ጀበና ቡናና ትንሽ ቆሎ ነው። (ከእነርሱ መካከል ሴት ልጅ ካለች ደግሞ በዚያች ሰዓት «ነይ ወጡን አማስዪ» እየተባለች እንዳትጠራ እናቶችን እለምናለሁ።)

«እኔ ራሴ አልተማርሁም፣ እንዴት ላስጠናው?» የሚል ወላጅ አለ። በከተማችን ደግሞ ነገሩ ይወሳሰባል፤ በፊደል የተማረ አባት በቁቤ የተጻፈ መጽሐፍ ይዛ የምትመጣ ልጅ አለችው፤ በሌላው ቤት ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው። እኔ ያገኘሁት መድኃኒት ቀላል ነው፤ መጽሐፉን ልጁ ይያዘው፤ እኛ «አልገባኝም፣ አስረዳኝ» እንበለው። ከልባችን አልገባንምና ውሸት የለበትም። ልጁ ሲያስረዳን የማያውቀው ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁ ይቀንሳል፤ ያች ድምፅ የቀነሰችበት ቦታ በደብተሩ ላይ መስመር የተሰመረባት ቦታ ናት።

የመጨረሻው ከትምህርት ቤቱ ጋር የሚደረገው ነገር ነው። ለቅሶ ለመድረስ፣ እድር ለመክፈል፣ ጎረቤት ሲታመም ለመጠየቅ ማንም ያላስተማረን ሕዝብ ሆነን ሳለ፣ የልጆቻችን መምህር እናቱ ሲሞቱ ሳንሰማ ሃያ አምስት ቀን መኖራችን እኔን ከመምህሩ መቅረት ይልቅ አሳፍሮኛል። ሰምተን ቢሆን ኖሮ ለቅሶ ደርሰን፣ በዚያውም ዕለት «እስኪመለስ ማን ይግባ?» ብለን ርዕሰ መምህሩን በጠየቅን ነበር። የወላጅና የመምህራን ኅብረት በየትምህርት ቤቱ በስም አለ፤ የሚሰበሰበው ግን ብዙ ጊዜ ለአጥርና ለወንበር መዋጮ ነው። ያ ኅብረት በየወሩ መጨረሻ ከየክፍሉ የሁለት ልጆችን ደብተር አስቀርቦ ቀኖቹን ቢያነብ፣ ለጎደለው የማካካሻ ክፍለ ጊዜ መቼና በማን እንደሚሰጥ ከመምህሩ ጋር በአክብሮት ቢነጋገር፣ ለወላድ መምህርት ከመውለጃዋ ሁለት ወር አስቀድሞ ተተኪ እንዲፈለግ ቢጠይቅ፣ ይህ ክስ አይደለም። ታማኙንም መምህር የሚያስከብረው ይህ ነው፤ በየቀኑ እየተገኘ ከማይገኘው ጋር እኩል ሲታይ የኖረው እርሱ ነውና።

ከዚያ ከኅዳር ወዲህ ለልጅ ልጄ አንድ ሥርዓት ሰጠኋት፤ መምህር ቢገባም ባይገባም ቀኑን እንድትጽፍ፣ ባልገባ ዕለት ከቀኑ ጎን «ፍሪ» ብላ አንድ መስመር ባዶ እንድትተው። እኔም በበኩሌ ከማታው አሥራ ሁለት ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ከአጠገቧ ተቀምጬ «አስረጂኝ» ለማለት እንዳልቀርባት ቃል ገባሁላት። ባለፈው ሳምንት የዘንድሮውን ደብተር ይዤ ወደ ኅብረቱ ስብሰባ ከመሄዴ በፊት፣ በመነጽሬ አጥርቼ ልቆጥር ብቀመጥ፣ የሒሳቡ መምህር ከመስከረም ወዲህ ሁለት ቀን ብቻ ቀርቶ አገኘሁት፤ ሁለቱንም አካክሷል፤ የማካካሻው ቀንም ተጽፏል። ከሁለቱ በታች ግን፣ የእድራችን ስብሰባ አምሽቶብኝ ሳልመለስ በቀረሁበት ቀን፣ በዚያው በንጹሕ የእጅ ጽሑፏ፣ አንድ መስመር ባዶ ትታ፣ እንዲህ ብላ መዝግባኛለች፦ «ጥር 9፤ አባባ ፍሪ።»